ሳያምኑ ክርስቲያን ሆኖ መኖር፤ በመካነ ኢየሱስና በአካባቢው

መግቢያ

መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር የእስቴ ዋና ከተማ ስትሆን፥ የምትገኘው ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ ነው። የስሟ ትርጓሜ «የኢየሱስ ቦታ» ማለት ስለ ሆነ፥ የከተማይቱ ተወላጅ የትውልድ ቦታውን በተጠየቀ ቁጥር የኢየሱስን ስም ሳይጠራ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ይህ ስም ከተማሪ ቤት መዝገብ እስከ ፓስፖርት ማመልከቻ ድረስ ይከተለዋል። እንዲያውም አዲስ አበባ ደርሶ «ከመካነ ኢየሱስ ነኝ» ሲል፥ ብዙ ሰው በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመችውን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስን እያሰበ «ጴንጤ ነህ እንዴ?» ይለዋል። እርሱም «የለም፥ ኦርቶዶክስ ነኝ» ብሎ ይመልሳል።

እንግዲህ ይህ ተወላጅ በልቡ በእግዚአብሔር መኖር የማያምን ቢሆንስ? «ኦርቶዶክስ ነኝ» ያለው ዋሽቶ ነውን? ወይስ እውነት ተናግሯል? እንዲህ ያሉ ሰዎች በመካከላችን መኖራቸውን ከኮሌጁ ተማሪዎች መካከል የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ስለ እነርሱ ሲነገር ወይ «አስመሳዮች ናቸው» ይባላል፥ ወይም ነገሩ በሣቅ ይታለፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እምነትን መንቀፍም ሆነ አለማመንን ማመስገን አይደለም። ሳያምኑ ክርስቲያን ሆኖ መኖር በአገራችን እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ፥ ደግሞም የሚያስቸግረው የት ላይ እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። ጸሐፊው የዚሁ አገር ተወላጅ ስለ ሆነ፥ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየውን ልማድ በታሪክ ከሚታወቀው ጋር አስተያይቶ አቅርቦታል።

1. ስለ ቃላቱ

በመጀመሪያ መታወቅ የሚገባው ነገር፥ በአማርኛ ለማያምን ሰው ስድብ ያልሆነ ስም ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። «ከሓዲ» የሚለው ቃል ሃይማኖቱን የተወውንም፥ ወዳጁን ወይም አገሩን የከዳውንም አንድ አድርጎ ይጠራል። «አረመኔ» ጥንት ያልተጠመቀ ሰው ማለት ነበር፤ ዛሬ ለጨካኝ ይነገራል። «እምነት የለሽ» ቢባልም፥ እምነት ማለት በአምላክ ማመን ብቻ ሳይሆን በሰው ዘንድ መታመንም ስለ ሆነ፥ ለሰሚው ገንዘብ የማያበድሩት ሰው መስሎ ይታየዋል። ምሥጢር ያወጣውንም ሰው «ሃይማኖት የለውም» እንለዋለን። «ኢአማኒ» የሚለው ቃል ስድብነት ባይኖረውም፥ ከመጽሐፍ የመጣ በመሆኑ ባላገሩ አይናገርበትም።

በአንጻሩ «ማተብ ያሰረ ሰው ነው» ሲባል ቃሉን የሚጠብቅ፥ ጎረቤቱን የማይበድል ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ ክርስቲያንነትና ታማኝነት አንድ ልብስ ለብሰዋል። «እኔ አላምንም» የሚል ሰው ስለ ሰማይ የተናገረ መስሎት ሳለ፥ ሰሚዎቹ ስለ ጠባዩ እንደ ተናዘዘ አድርገው ይረዱታል። ብዙዎች ዝም የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህም ሌላ አምላክን ሳይጠሩ አማርኛ መናገር አይቻልም። «እንዴት አደርህ?» ሲባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ምስጋና «እግዜር ይስጥልኝ» ነው፤ ለኀዘንተኛ የሚነገረውም «ነፍስ ይማር» ነው። የማያምነውም ሰው ሲደነግጥ «በስመ አብ!» ይላል፥ ሲምልም «ማርያምን!» ይላል። ሰላምታውን የሚተው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ከመንደሩም ጋር ተጣላ ማለት ነው።

2. ሰው ክርስቲያን የሚሆንበት መንገድ

በእስቴም ሆነ በመላው የኦርቶዶክስ አገር ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። በዚያን ጊዜ ሕፃኑ ማተብ ይታሰርለታል፥ የክርስትና ስምም ይወጣለታል። የሃይማኖቱን ቃል የሚመልስለት የክርስትና አባቱ ነው፤ ለሴት ልጅ የክርስትና እናቷ ናት። ስለዚህ ሰው ክርስቲያን የሚሆነው ራሱ አምኖ ከመናገሩ በፊት፥ ሌላ ሰው ስለ እርሱ በተናገረው ቃል ነው። ይህም ቃል በሁለት ቤተ ሰብ መካከል ዝምድናን ይፈጥራል፤ የክርስትና ልጅ እንደ ሥጋ ልጅ ይቈጠራል።

ከዚያ በኋላ ሰውየው እስኪያረጅ ድረስ ስለ እምነቱ የሚጠይቀው እምብዛም የለም። ሕፃናትና አረጋውያን ይቈርባሉ፤ በመካከለኛው ዕድሜ የሚገኘው አብዛኛው ምእመን ግን «ንጽሕና የለኝም» በማለት ከቊርባን ይርቃል። አንዳንዱ ቅዳሴ የሚሰማው ከውጭ በዐጸዱ ቆሞ ነው። ጋብቻውም በአብዛኛው በተክሊል ሳይሆን በሽማግሌ ፊት በሰማንያ የሚፈጸም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በሹም ፊት፥ በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸሙትን ሦስቱንም ጋብቻዎች ተቀብሏል።

ከዚህ የተነሣ በዐጸዱ ከቆሙት መካከል ማን በትሕትና እንደ ቆመ፥ ማን ደግሞ ሳያምን እንደ ቆመ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። አማኙም አይቈርብም፥ የማያምነውም አይቈርብም። ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ሁለቱም የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ስመው ይመለሳሉ። ሰው ከ20 ዓመቱ ጀምሮ እስከ ሽምግልናው ድረስ አለማመኑን ሳይዋሽም ሳይገልጥም ሊኖር ይችላል።

3. ስለ ቀንና ስለ ማዕድ

ሁለተኛው ማሰሪያ የቀን አቈጣጠር ነው። ወሩ የሚታወቀው በቅዱሳን ነው፤ በ12 ሚካኤል፥ በ16 ኪዳነ ምሕረት፥ በ21 ማርያም፥ በ23 ጊዮርጊስ፥ በ27 መድኃኔ ዓለም ይውላል። የብድር መክፈያ፥ የዳኝነት ቀጠሮና የሠርግ ቀን የሚቈረጠው በእነዚሁ ነው። ማኅበርተኛው በየወሩ ጽዋውን ይጠጣል፥ ሰንበቴውም በእሑድ ቀን በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይሰበሰባል። የታመመ የሚጠየቀው፥ የተጣላ የሚታረቀው፥ ዘር ያጣ ሰው የሚረዳው በማኅበሩ ነው። ከማኅበር የወጣ ሰው ከጸሎት ብቻ ሳይሆን ከዚህ ሁሉ ይወጣል።

በዓል ማክበርም የግል ጉዳይ አይደለም። በገጠር አንድ ሰው በበዓል ቀን ቢያርስ በረዶ ይወርዳል ተብሎ ይታመናል፤ በረዶውም የሚያጠፋው የአራሹን ማሳ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ጭምር ነው ይባላል። ስለዚህ የማያምነው ገበሬ በበዓል ቀን በሬውን የማይጠምደው ቅዱሱን ፈርቶ ሳይሆን ጎረቤቱን አክብሮ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሰሞን በረዶ ቢወርድ ግን «እኔ በዚህ አላምንም» የሚለው መልስ የሚያድነው አይደለም።

ማዕዱም እንዲሁ ነው። ሥጋ በሥላሴ ስም ከታረደ የክርስቲያን ነው፥ በቢስሚላህ ከታረደ የእስላም ነው። በየከተማው ክርስቲያንና እስላም ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ በሠርግና በኀዘንም ይጠራራሉ። እስላሙ ደጋሽ ለክርስቲያን እንግዶቹ የክርስቲያን አራጅ ጠርቶ ለብቻው ያሳርዳል። የማያምነውም እንግዳ ማንም ሳይጠይቀው ከክርስቲያኖቹ ጋር ይቀመጣል። «አምላክ የለም» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ተማሪ፥ በማግሥቱ የእስላም ሥጋ ቢቀርብለት «አልለመድሁትም» ብሎ እጁን እንደሚሰበስብ ብዙዎቻችን አይተናል። ለመሆኑ ምኑን ነው ያልለመደው? ሥጋው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የተነገረበት ስም ነው። አእምሮው የተወውን እጁ አልተወውም።

4. በታሪክ የሚገኝ ምሳሌ

ይህ ሁኔታ በዘመናዊ ትምህርት ብቻ የመጣ አይደለም። በአካባቢያችን ከሁሉ የበለጠው ምሳሌ ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ የተባለው የግእዝ መጽሐፍ ነው። ባለ ታሪኩ በአክሱም አጠገብ በ1592 ዓ.ም. እንደ ተወለደ ይናገራል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ባወጁበት ዘመን ተከሶ ሸሸ፥ በዋሻም ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ብቻውን ተቀምጦ ስለ አምላክና ስለ ሰው ሕግ መረመረ። የፈጣሪን መኖር አልካደም፤ ነገር ግን ጾምን፥ ምንኵስናንና በመጻሕፍት የተጻፈውን ብዙ ሥርዓት የሰው ፈጠራ ነው አለ። በኋላም ከጣና በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ እንፍራንዝ መጥቶ፥ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ጸሐፊና መምህር ሆኖ ኖረ። በዚያም ልቡ ሌላ ሲሆን በሰዎች ፊት እንደ ክርስቲያን መኖሩን ራሱ ገልጦ ጽፏል። ምክንያቱንም ሲሰጥ፥ ሰዎቹ እውነቱን ቢነግራቸው የሚረዱት ሳይሆኑ የሚያሳድዱት መሆናቸውን ያመለክታል።

የመጽሐፉ ነገር ወደ አገራችን ይበልጥ የሚቀርበው በሌላ መንገድ ነው። ጽሑፉ ለዓለም የታወቀው በጋይንት ቤተ ልሔም ይኖር በነበረው ኢጣሊያዊ የካፑቺን መነኵሴ በአባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ አማካይነት ሲሆን፥ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1853 ለአንቷን ዳባዲ ላከው። ዛሬ የሚገኘው በፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 «ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው» ሲል ጻፈ። ክላውድ ሰምነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው በማለት ተከራከረ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁለቱ ወገን ማንኛውም ቢረታ የሚገኘው ትምህርት ተመሳሳይ ነው። ደራሲው ዘርአ ያዕቆብ ከሆነ፥ በእንፍራንዝ በክርስቲያን ልማድ እየኖረ በልቡ ሌላ ያሰበ ደብተራ ነበረ። ጁስቶ ነው የሚሉትም ሊቃውንት፥ መነኵሴው በቆቡ ሥር የራሱ ጥርጣሬ ነበረበት ይላሉ። በሁለቱም በኩል መጽሐፉን የጻፈው ሰው ልብሱንና ልቡን ለይቶ የኖረ ሰው ነው። ቤተ ልሔምም የድጓ ማስመስከሪያ የሆነች ታላቅ ደብር ናት፤ በዚያው በጋይንት የምትገኘው ዙር አባም የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። ይህን የመሰለ የጥርጣሬ መጽሐፍ የተገኘው ከትምህርቱ ዳር ሳይሆን ከመካከሉ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በግድ ከተጠመቁት የወሎ እስላሞች መካከል «ቀን ክርስቲያን፥ ሌሊት እስላም» የተባሉ ነበሩ። እነርሱ ሌላ እምነታቸውን የሸሸጉ አማኞች እንጂ እምነት የሌላቸው አልነበሩም። የእኛ ሰው ግን ሌሊትም የሚሄድበት ሌላ የጸሎት ቤት የለውም።

5. ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 መሠረት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በዚያ ዘመን ከገጠር ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ብዙ ተማሪዎች ፊደል የቈጠሩት በቄስ ትምህርት ቤት ነበር። ማርክስንና ሌኒንን ያነበቡትም ዳዊት በደገሙበት አንደበት ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ሶሻሊዝም ሲታወጅ፥ በየካቲትም የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲሆን፥ ቤተ ክርስቲያን ርስቷንና የመንግሥት ሃይማኖትነቷን አጣች። አለማመን በአደባባይ የሚነገር፥ እንዲያውም ሹመት የሚያስገኝ ነገር ሆነ።

ሆኖም በዚያው ዘመን ልደት፥ ጥምቀትና ፋሲካ የሕዝብ በዓላት ሆነው ቆዩ፤ የእስላም በዓላትም ተጨመሩ። በስብሰባ ላይ ሃይማኖትን የሚነቅፈው ካድሬ በቤቱ ሚስቱ ትጾም ነበር፥ ልጁንም በ40 ቀኑ ክርስትና ታስነሣ ነበር። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙዎቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ በልባቸው፥ አንዳንዶቹ በእግራቸው ብቻ።

ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ አንቀጽ 27ም የሃይማኖትና የእምነት ነጻነትን ይሰጣል። በሕግ በኩል የማያምን ሰው የሚከለክለው የለም። በ1999ኙ የሕዝብና ቤቶች ቈጠራ ግን የታተመው ሠንጠረዥ ኦርቶዶክስ፥ ፕሮቴስታንት፥ ካቶሊክ፥ እስልምና፥ ባህላዊና ሌላ ብሎ ይከፍላል፤ ለማያምን የተለየ ዓምድ የለውም። በአማራ ክልል 82.5 በመቶው ኦርቶዶክስ ተብሎ ተመዝግቧል። በዚህ ቍጥር ውስጥ የማያምኑ ስንት እንደ ሆኑ ማንም ሊያወጣቸው አይችልም፤ ቈጣሪው ሲጠይቃቸው የሰጡት መልስ ያው በመግቢያችን ላይ የጠቀስነው «ኦርቶዶክስ ነኝ» የሚለው ነውና።

6. ጥያቄው የሚነሣበት ቦታ

እስካሁን እንደ ተመለከትነው ልማዱ የማያምነውን ሰው ዕድሜውን ሙሉ አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው በመጨረሻ ነው። የክርስቲያን መቃብር የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው፤ ጸሎተ ፍትሐት ለማድረስም ካህናቱ «የነፍስ አባቱ ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የነፍስ አባት የሌለው ሰው ከሞተ ቤተ ሰቡ ያፍራል፥ ይለማመጣል። ከዚያም 40ኛው፥ 80ኛውና ሙት ዓመቱ ይከተላል። ተዝካርም ለሟች ነፍስ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የብድር መክፈያ ነው። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ የሰው ተዝካር በልቷልና፥ «ለእኔ አታድርጉ» ብሎ ቢናዘዝ «የሰውን በልቶ የራሱን ነፈገ» ይባላል።

አንድ ዘመዴ የነበረው መምህር ይህ ደርሶበታል። በወጣትነቱ በለውጡ ዘመን ያነበበውን እስከ እርጅናው አልተወም፤ ይህንንም በቤቱ የምናውቅ እናውቅ ነበር። ነገር ግን ማኅበሩን አንድ ጊዜ እንኳ አላጐደለም፥ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ክዳንም ከደመወዙ አዋጥቷል። ታሞ በተኛ ጊዜ ባለቤቱ ሽማግሌውን ቄስ ጠራች። ቄሱም «ልጄ፥ የነፍስ አባትነቴን ትቀበላለህን?» አሉት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «መምሬ፥ እርስዎን እቀበላለሁ» አለ። ቄሱ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ማዕጠንታቸውን አንሥተው ጸሎታቸውን አደረሱ፤ በሞተም ጊዜ በሙሉ ፍትሐት ተቀበረ።

ከቀብሩ በኋላ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ «በመጨረሻው ተመለሰ፥ ተመስገን» ሲባል ሰማን። ልጁ ግን «አባቴ አልተመለሰም፤ የተቀበለው ሰውየውን ነው» ብሎኝ አለቀሰ። እናቱ ይህን ብትሰማ እንደምታዝን ስለሚያውቅ ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረም። ሁለቱም ሟቹን ይወዱት ነበር፤ ሁለቱም ስለ እርሱ የተናገሩት ከፍቅር የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ በመንደሩ የሚታወሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የማያምን ሰው ሁሉ ሲሞት «የተመለሰ» ስለሚባል፥ በአገሩ ታሪክ ውስጥ የማያምን ሰው ኖሮ የማያውቅ ይመስላል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም ወጣት ብቻውን የሆነ ይመስለዋል።

7. ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር

በአውሮፓም ተመሳሳይ ነገር አለ። በዴንማርክ ከ10 ሰው ወደ 7 የሚጠጋው የሕዝብ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኖ ግብሩን ይከፍላል፤ በእሑድ ቀን የሚገኘው ግን ጥቂት ነው። በሃይማኖት ተቃዋሚነቱ የታወቀው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዳውኪንስ እ.ኤ.አ. በ2007ም በ2024ም «በባህል ክርስቲያን ነኝ» ብሏል።

ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ዳውኪንስ ሲናገር የሚያነሣው የልደትን መዝሙርና የካቴድራሎቹን ውበት ነው፤ ቢተዋቸው የሚወዱትን ነገር ማጣት እንጂ ሌላ አይደርስበትም። የእስቴው ሰው ቢተው ግን የሚያጣው ቀጠሮውን፥ ማዕዱን፥ ዝምድናውንና መቃብሩን ነው። በውጭ አገር የሚኖሩት ወገኖቻችንም ይህን ያስረዱናል። በአሜሪካ ከተሞች ሳያምን ጥምቀትን የሚያከብርና ለቀብር የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ሞልቷል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ቋንቋውንና አገሩን የሚያገኝባት ቦታ ሆናለታለችና።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚገኘው ሐሳብ ይህ ነው። በአገራችን «ክርስቲያን» የሚለው ቃል የሚያመለክተው በመጀመሪያ ሰውን ከሰው ጋር ያሰረውን ገመድ ነው፤ የልብ እምነት የሚጠየቀው በኋላ፥ ያውም በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳያምን «ኦርቶዶክስ ነኝ» ያለ ሰው ስለ ገመዱ ተናግሯልና ዋሽቷል ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ገመዱ በኑዛዜና በመቃብር ደጃፍ የቃል ምስክርነት ይጠይቀዋል፤ በዚያ ጊዜ ወይ ይዋሻል፥ ወይም ቤተ ሰቡን ያዋርዳል።

ካህናቱ እምነታቸውን ትተው እንዲቀብሩት መጠየቅ ፍትሕ አይደለም፤ ሥርዓቱ የእነርሱ ነውና። ከማያምነውም ሰው ለጥቂት ክንድ መሬት ሲል የመጨረሻ ቃሉን መቀማት ፍትሕ አይደለም። እንደ ጸሐፊው አስተያየት መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው ቀላል ነገር ነው፤ በከተሞች እንደሚታየው ዕድር ሁሉ፥ ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ሬሳ የሚያነሣና ኀዘንተኛ የሚያስተዛዝን ማኅበር በመካነ ኢየሱስም እንዲጠናከር፥ ማዘጋጃ ቤቱም ለሁሉ የሚሆን የመቃብር ቦታ እንዲያስብ ነው። ይህ ከሆነ፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚቀበረው ሰው ወዶ የተቀበረ ስለሚሆን ለአማኙም ክብር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የጐደለ ነገር እንዳለ ጸሐፊው ያውቃል። በተለይ ስለ ሴቶችና ስለ ስማዳ ገጠሮች የሚያውቁ ተማሪዎችና መምህራን ያዩትን ቢጽፉ፥ እርማታቸውንም ቢልኩ በምስጋና እንቀበላለን።